«ኮፒው ካለቀ ንቀሉት» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ የማራኪ ግቢ ተማሪ አራት ገጽ ጽሑፍ ሊያሳትም ሱቄ መጣ። ሱቄ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ነው። ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ጥረዛ እንሠራለን። ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ ስሰካና ስነቅል ነው የምውለው። ኮምፒውተሮቼ ሁሉ ኡቡንቱ ናቸው፤ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን አንድ የሊኑክስ ዓይነት ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

ፕሪንተሩ እስኪሞቅ ጽሑፉን አነበብኩት። ለጀማሪዎች የተጻፈ ነው፤ በሊኑክስ ላይ ፍላሽና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እንዴት እንደሚከፈት ያስረዳል። ልጁ ወረቀቱን ተቀበለ፣ ከፈለ፣ እጁን ሰደደና ፍላሹን መዥረጥ አድርጎ ሄደ። ልክ ጽሑፉ እንደመከረው።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይኼ ነው። ሊኑክስ ፍላሽ በራሱ አይከፍትም፤ ሁልጊዜ ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ማውንት አድርጉ (አያይዙ)። የፍላሹ ስም ኤስዲቢ1 ነው። ፈቃድ ከተከለከላችሁ ቸሞድ 777 በሉት፣ ማለትም ለሁሉም ሰው ሁሉንም ፈቃድ ስጡ። ኮፒው ካለቀ ንቀሉት፤ «ኢጀክት» የዊንዶውስ ጣጣ ነው። ዲስኩ «ቢዚ ነው» ካለ በግድ አላቁት። ሊኑክስ ላይ ስለ ፍላሽ ቫይረስ አታስቡ። ፍላሻችሁን በሊኑክሱ ኢኤክስቲ4 ፎርማት አድርጉትና ኤፍኤስታብ (ሲስተሙ ሲነሳ የሚያያይዛቸው ዲስኮች ዝርዝር) ውስጥ አስገቡት፤ ትገላገላላችሁ።

ጸሐፊውን አላውቀውም። በቅን ልብ እንደጻፈው ግን ያስታውቃል። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ስንት ሰው አለ? ለዚያ ምስጋና ይገባዋል። ግን ምክሩን አምኖ የተከተለ ጀማሪ ፋይሉን ያጣል፤ ካጣም በኋላ ምክንያቱን አያውቅም። የጽሑፉ ስህተቶች ብዙ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። ዲስኩንና ዲስኩ የተቀመጠበትን ቦታ አንድ አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

አንድ ነገር ላስቀድም። ትዕዛዞቹን በእኛው ፊደል የምጽፋቸው እንደሚነበቡት ነው። ተርሚናል ላይ ስትተይቡ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልነሳ፤ «ሊኑክስ ፍላሽ በራሱ አይከፍትም» ከሚለው። ይኼ የድሮ ወሬ ነው። ዛሬ ኡቡንቱ፣ ሚንት ወይም ፌዶራ ዴስክቶፕ ላይ ፍላሽ ብትሰኩ ስሙ ፋይል ማሳያው ጎን ላይ ብቅ ይላል። ጠቅ ስታደርጉት ይከፈታል። ተርሚናል አያስፈልግም፤ ሱዶም አያስፈልግም። ከጀርባ ሆኖ ይኼን የሚሠራ ዩዲስክስ የሚባል አገልግሎት አለ። ኡቡንቱ ላይ ፍላሹን «ሚዲያ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ በእናንተ የተጠቃሚ ስም ሥር ያስቀምጠዋል። ፌዶራ ላይ «ራን» ውስጥ ባለው «ሚዲያ» ነው። ማክ ላይ ደግሞ «ቮልዩምስ» ይባላል። ዴስክቶፕ በሌለው ሰርቨር ላይ ከሆናችሁ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ በእጅ ማያያዝ ግድ ይላል። ጽሑፉ ግን ለጀማሪ ነኝ ብሏል። ጀማሪ ደግሞ ሰርቨር ክፍል ውስጥ አይጀምርም።

ማውንት ምን እንደሆነ ጽሑፉ አልነገረንም። «ይኼን ተይቡ» ብሎ አለፈው። ዋናው ነገር ግን እዚህ ጋ ነው ያለው።

ዊንዶውስ ላይ ያደገ ሰው ዲስክና ቦታ አንድ ይመስሉታል። ሲ አለ፣ ዲ አለ፤ ፍላሽ ሲሰካ ኢ ይመጣል። ለመጣው ሁሉ አዲስ ፊደል። የፋሲል ግቢን የጎበኘ ሰው ይገባዋል፤ ዐፄ ፋሲል የራሳቸው ግምብ አላቸው፣ ዐፄ ኢያሱም የራሳቸው፣ ዐፄ በካፋም፣ እቴጌ ምንትዋብም እንዲሁ። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ዲስክ የራሱን ግምብ ይሠራለታል። ሊኑክስ አሠራሩን በወረሰበት በዩኒክስ ቤት ግን አንድ ቤት ብቻ ነው ያለው፤ መግቢያውም አንድ ነው። እንግዳ ሲመጣ ካለው ቤት አንድ ክፍል ይሰጠዋል። ማውንት ማለት ክፍል መስጠት ነው። ክፍሉ ፎልደር ነው፤ እንግዳው ዲስኩ ነው። እንግዳው ሲሄድ ክፍሉ አብሮት አይሄድም።

ነገሩ አዲስ ፈሊጥ እንዳይመስላችሁ። ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የመጀመሪያው መመሪያ ውስጥ ማውንት አለ። ቸሞድም፣ የዲስክ ቦታ የሚያሳየው ዲኤፍም አሉ። በዚያን ዘመን ተነቃይ ዲስክ ማለት ሰው በእጁ ተሸክሞ ማሽኑ ላይ የሚገጥመው ትልቅ ነገር ነበር። ቃሉ ያንን መግጠም ያስታውሳል። ፍላሽ ገበያ ላይ የወጣው ከዚያ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ክፍሉና እንግዳው የተለያዩ መሆናቸው ሥራ ላይ ምን ለውጥ አለው? ብዙ። አንዲት መምህርት ደንበኛ አለችኝ። ቤቷ ባለው ላፕቶፕ፣ እንዲህ ባለ ምክር ተመርታ፣ «ኤምኤንቲ» ውስጥ «ፍላሽ» የሚል ፎልደር ከፈተች። የማውንት ትዕዛዙን ሰጠች። ስሙን ስለተሳሳተች ትዕዛዙ አልሠራም፤ እሷ ግን የስህተቱን መልእክት አላየችውም። ከዚያ የፈተና ጥያቄዎቿን በሱዶ እዚያ ፎልደር ውስጥ ኮፒ አደረገች። ገባ። ፎልደሩን ስትከፍተው ፋይሉ አለ። ትምህርት ቤት ሄዳ ፍላሹን ስትሰካው ባዶ። እንግዳው ሳይገባ ባዶ ክፍል ውስጥ ነው ዕቃውን ያስቀመጠችለት። ፋይሉ የቀረው ላፕቶፑ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው።

የጸሐፊው ምሳሌ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ፍላሹን «ዶኩመንትስ» ፎልደር ላይ ማውንት ያደርጋል። በውስጡ ፋይል ያለበት ፎልደር ላይ ዲስክ ስታያይዙ፣ የነበረው ፋይል ከዓይን ይሰወራል። አልጠፋም። እንግዳው በሩ ላይ ቆሞበት ነው። ዩማውንት (የማላቀቂያው ትዕዛዝ) ስትሉ ተመልሶ ይታያል። ግን ይኼን የማያውቅ ጀማሪ «ሰነዶቼ በሙሉ ጠፉ» ብሎ እየጮኸ ነው የሚመጣው። አይፈረድበትም። በእጅ ማያያዝ ካለባችሁ ባዶ ፎልደር ላይ ይሁን። ካያያዛችሁ በኋላ እዚያው ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ «ዲኤፍ ሰረዝ ኤች ነጥብ» በሉ። የቆማችሁበት ቦታ በየትኛው ዲስክ ላይ እንደሆነ ይነግራችኋል። የ16 ጊጋ ፍላሽ ጠብቃችሁ 500 ጊጋ ካሳያችሁ፣ ክፍሉ ባዶ ነው ማለት ነው።

«የፍላሹ ስም ኤስዲቢ1 ነው» ለሚለው ብዙ አልቆይም፤ ግን አደገኛ ነው። ስሙ የሚሰጠው ዲስኩ በታየበት ተራ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ውስጠኛው ዲስክ ኤስዲኤ ይሆናል፣ ፍላሹ ኤስዲቢ። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ውስጠኛው ዲስክ ብዙ ጊዜ «ኤንቪኤምኢ» ብሎ የሚጀምር ስም አለው፤ ያኔ ፍላሹ ራሱ ኤስዲኤ ነው። ሁለት ፍላሽ ከሰካችሁ ኤስዲሲ ይመጣል። ፍላሽ ሳይሰናበት ነቅላችሁ መልሳችሁ ብትሰኩትም ኤስዲሲ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ የቀድሞው ስም ገና አልተለቀቀምና። የላፕቶፑ የራሱ ማስገቢያ ውስጥ የገባ የካሜራ ሚሞሪ «ኤምኤምሲ» በሚጀምር ስም ሊመጣ ይችላል። ጭራሽ ክፍልፋይ የሌለው፣ መጨረሻው ላይ 1 የማይጻፍበት ፍላሽም አለ።

ስለዚህ ስሙን አትገምቱ፤ ጠይቁ። ከመሰካታችሁ በፊት ዲስኮችን የሚዘረዝረውን «ኤልኤስቢኤልኬ» በሉ። ሰክታችሁ ድገሙት። አዲስ የተጨመረው እሱ ነው። መጠኑንም እዩት። 16 ጊጋ ተብሎ የተሸጠው 14.9 ወይም ከዚያ ትንሽ ያነሰ ቢያሳይ አትደንግጡ፤ ሻጩ በ1000 ሲቆጥር ኮምፒውተሩ በ1024 ስለሚቆጥር ነው። 14.9 የሚለውን ትታችሁ 476 የሚለውን ፎርማት ካደረጋችሁ ግን እኔ ዘንድ አትምጡ፤ ላፕቶፓችሁን ነው የደመሰሳችሁት።

አሁን ወደ ቸሞድ 777 እንምጣ። ይኼ ምክር የሊኑክስ ሰፈር ዳማከሴ ነው። ራስ ቢያምም እሱ፣ ሆድ ቢያምም እሱ።

መጀመሪያ ችግሩ ከየት መጣ? ጸሐፊው ራሱ ነው የፈጠረው። ብዙዎቹ ፍላሾች ፋት32 ወይም ኤክስፋት ናቸው። እነዚህ ፎርማቶች የዩኒክስን የባለቤትነት መዝገብ አይዙም። «ይኼ ፋይል የእገሌ ነው» የሚል ነገር ፍላሹ ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ ሊኑክስ ሲያያይዘው ለሁሉም ፋይል አንድ ባለቤት ይሰጣል። በሱዶ ካያያዛችሁት ባለቤቱ ሩት፣ ማለትም የሲስተሙ አስተዳዳሪ፣ ይሆናል። እናንተ ማንበብ ትችላላችሁ፣ መጻፍ ግን አትችሉም። ከዚያ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይመጣል። ያኔ ጸሐፊው ቸሞድ 777 ያዛል።

ቸሞዱ ምን ያደርጋል? ፋት32 ላይ ምንም። ያለ ሱዶ ከሆነ አይፈቀድም ይላል። በሱዶ ከሆነ ስህተት አይናገርም፤ ዝም ይላል፤ ፈቃዱ ግን እንደነበረ ነው። ጀማሪው ትዕዛዙ የሠራ ይመስለዋል።  ግራ ሲገባው ሁሉንም ንዑስ ፎልደር የሚያዳርሰውን ትልቁን አር ይጨምራል። በዚህ መሀል አንዲት ክፍተት ቦታዋን ብትስት፣ ማለትም ከመጀመሪያው ስላሽ በኋላ ስፔስ ቢገባ፣ ትዕዛዙ ከፍላሹ አልፎ መላ ሲስተሙን 777 ያደርገዋል። ይኼ ቀልድ አይደለም። ሱዶ ራሱ የሚሠራው ፋይሉ ላይ ባለ ልዩ ምልክት ነው፤ 777 ያንን ምልክት ያጠፋዋል። ከዚያ ሱዶ አይሠራም። ጥፋቱን ለማረም ሱዶ ያስፈልጋል፤ ሱዶ ደግሞ የለም። አንድ ጊዜ እንዲህ የሆነ ላፕቶፕ መጥቶልኝ ፋይሎቹን በሌላ ፍላሽ ላይ ባለ ኡቡንቱ አውጥቼ እንደ አዲስ ነው የጫንኩት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከመጀመሪያው በሱዶ አታያይዙ። ጠቅ አድርጋችሁ ክፈቱት፤ ዩዲስክስ ባለቤቱን እናንተን ያደርጋችኋል። ተርሚናል የግድ ካላችሁ «ዩዲስክስሲቲኤል ማውንት ሰረዝ ቢ» ብላችሁ የዲስኩን ስም አስከትሉ። በማውንት ብቻ ከሆነ ደግሞ «ሰረዝ ኦ፣ ዩአይዲ እኩል ይሆናል 1000» የሚል ጨምሩ። ኡቡንቱ ላይ መጀመሪያ የተፈጠረው ተጠቃሚ ቁጥሩ 1000 ነው።

በዚሁ ላይ ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች አንድ ነገር ልጨምር። ጸሐፊው ባሳየው መንገድ ፍላሽ ስታያይዙ፣ አንዳንድ ሲስተም ላይ በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነው ይመጣሉ። «የጋብቻ ውል» የነበረው «???? ??» ይሆናል። ፋይሉ አልተበላሸም። ስሙን የሚያነብበት የፊደል ሰሌዳ ሳይነገረው ስለተያያዘ ነው። ዩዲስክስ ዩቲኤፍ8 እንዲጠቀም ራሱ ይነግረዋል። በእጅ ስታያይዙ ግን «ዩቲኤፍ8» የሚለውን አማራጭ ራሳችሁ መጨመር ሊኖርባችሁ ይችላል። አደራ፣ የጥያቄ ምልክት ስላያችሁ ፋይሉን እንደገና መሰየም ውስጥ አትግቡ። አላቁት፤ በትክክል መልሳችሁ አያይዙት።

አሁን ለርዕሴ የመረጥኩት ላይ ደረስን። «ኮፒው ካለቀ ንቀሉት።»

ኮፒው አለቀ የሚለው ማነው? ስክሪኑ ነው። ስክሪኑ የሚያውቀው ፋይሉ ለከርነሉ (ለሊኑክስ እምብርት) መሰጠቱን ብቻ ነው። ከርነሉ ደግሞ የተቀበለውን ወዲያው ፍላሹ ላይ አይጽፈውም። መጀመሪያ ራም፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው ጊዜያዊ ማኅደር፣ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ፍላሽ ቀርፋፋ ነው፤ ራም ፈጣን ነው። ከርነሉ እናንተን ላለማስጠበቅ «ተቀብያለሁ፣ ሂዱ» ይላችኋል። ከዚያ በራሱ ጊዜ ያደርሰዋል። በተለመደው ቅንብር በየ5 ሰከንዱ ይነቃል፤ ከ30 ሰከንድ በላይ የቆየውን ለመጻፍ ይነሳል። መነሳት ነው እንግዲህ፣ መጨረስ አይደለም። በሰከንድ 8 ሜጋባይት የሚጽፍ ርካሽ ፍላሽ 1 ጊጋባይት ለመዋጥ ከ2 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ስክሪኑ ግን በጥቂት ሰከንድ «አለቀ» ሊላችሁ ይችላል።

ይኼን የተማርኩት ከመመሪያ አይደለም። አንድ ጥር 11 ቀን፣ ከፋሲል መዋኛ የመጣ ፎቶ አንሺ ወጣት ሱቄ ገባ። 100 የሚሆኑ ፎቶዎች ከካሜራው ሚሞሪ ወደ ፍላሽ እንዳዛውርለት ፈለገ። 1 ጊጋባይት ገደማ ነው። በጥምቀት ቀን ፒያሳ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሱቁ ሰው በሰው ነው። አረንጓዴው መስመር ሞላ። «ጋሼ አለቀ አይደል?» አለኝ። «አለቀ» አልኩት። ነቀለ። ባጃጅ ቆማለት ነበር፤ ወደ አዘዞ በረረ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ። ፊቱን ሳየው ነገሩ ገባኝ። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ደህና ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ላያቸው ብቻ ነው ያለው። ከላይ ጥላው፣ ካባው፣ የካህናቱ ጥምጥም ይታያል፤ ከወገብ በታች ግራጫ። ውኃው የለም። ሕዝቡ የለም። የመጨረሻዎቹ ጨርሶ አይከፈቱም፤ መጠናቸው 0 ነው። ደግነቱ የካሜራውን ሚሞሪ ገና አላጠፋውም ነበር። ያን ቀን «አለቀ» ያልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጸሐፊውን ስቆጣ ራሴንም እየተቆጣሁ ነው።

ኢጀክት የዊንዶውስ ጣጣ አይደለም። እንዲያውም በዊንዶውስ ላይ ለፍላሽ የሚሆነው የተለመደው ቅንብር ቶሎ ነቃይን ታሳቢ ያደረገ ነው፤ ችግሩ ሊኑክስ ላይ ይብሳል። ዩማውንት ሲባል ሲስተሙ ራም ውስጥ የቀረውን በሙሉ አራግፎ ይጽፋል፤ ጽፎ ሳይጨርስ ትዕዛዙ አይመለስም። ተርሚናሉ ዝም ብሎ ቢቆይባችሁ ተበላሽቶ አይደለም፤ እየሠራላችሁ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ከፍላሹ ስም ጎን ያለችውን የማውጫ ምልክት ስትጫኑ፣ ገና እየጻፈ ከሆነ አትንቀሉ የሚል መልእክት ይመጣል። ሲጨርስ መንቀል ትችላላችሁ ይላችኋል። ትዕዛዙን በእጅ ለምትተይቡ፣ የእንግሊዝኛው ቃል ውስጥ ያለችው የመጀመሪያዋ «ኤን» ትዕዛዙ ውስጥ የለችም። ዩ፣ ከዚያ በቀጥታ ማውንት። ስንቱን ጀማሪ አሰቃይታለች መሰላችሁ።

መብራት እልም ሲል ያው ነው። ራም ውስጥ የነበረው ይሄዳል። ስታብላይዘር አለኝ ብላችሁ አትጽናኑ፤ እሱ ኮረንቲ ያስተካክላል እንጂ ኮረንቲ አይፈጥርም። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር እኔ ቶሎ ብዬ «ሲንክ» እላለሁ። ፍላሹን ሳያላቅቅ ያልተጻፈውን ያጽፋል። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ማላቀቅ ብቻ አይበቃም። ውስጡ የሚሽከረከር ነገር አለ። በማውጫ ምልክቷ ስታወጡት ኃይሉን አጥፍቶ መዘውሩን ያሳርፈዋል። ጩኸቱ ጸጥ እስኪል ጠብቁ።

ሳይሰናበት የተነቀለ ፍላሽ ቂም ይይዛል። ፋት32 ላይ «በወጉ አልተዘጋም» የሚል ምልክት ይቀራል። ሊኑክስ በኋላ ሲጠቀምበት የተዛባ ነገር ካገኘ ፍላሹን «ሪድ ኦንሊ» ያደርገዋል። ታነባላችሁ፣ አትጽፉም። እዚህም ላይ ቸሞድ 777 የሚሉ አሉ። የፈቃድ ጉዳይ አይደለም። አላቁትና ሳይያያዝ የዲስክ መመርመሪያና መጠገኛውን «ኤፍኤስሲኬ» አስኪዱበት፤ ለፋት የተሠራው «ኤፍኤስሲኬ ነጥብ ቪፋት» ነው። ተያይዞ እያለ ግን ፈጽሞ አታስኪዱት።

«ቢዚ ነው ካለ በግድ አላቁት» የሚለው የዚሁ የመንቀል ምክር ወንድም ነው። ጸሐፊው «ዩማውንት ሰረዝ ኤል» በሉ ይላል። ያቺ ኤል ስንፍናን የሚጠቁም የእንግሊዝኛ ቃል መጀመሪያ ናት። ዲስኩን ከቤቱ ካርታ ላይ ወዲያው ትፍቀዋለች፤ የጀመረው ሥራ ግን ከጀርባ ይቀጥላል። እናንተ የወጣ ይመስላችኋል። ገና እየጻፈ ነው። ነቀላችሁ ማለት የጥምቀቱን ፎቶ ደገማችሁ ማለት ነው።

ቢዚ የሚለው ለምን እንደሆነ ካወቃችሁ ግድ አያስፈልግም። ከአሥር ጊዜ ዘጠኙ ራሳችሁ ናችሁ፤ ተርሚናላችሁ ፍላሹ ውስጥ ቆሟል። «ሲዲ» ብቻ ብላችሁ ወደ ቤታችሁ ውጡ። ካልሆነ የተከፈተ ዶክመንት ወይም የሚጫወት ቪዲዮ ይኖራል። «ኤፍዩዘር ሰረዝ ቪኤም» ብላችሁ የፎልደሩን አድራሻ ብትሰጡት ማን እንደያዘው በስም ይነግራችኋል።

ስለ ቫይረስ ከጸሐፊው ጋር በግማሽ እስማማለሁ። ሱቄን ወደ ኡቡንቱ ያዞርኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ያን የሾርትከት ቫይረስ የማያውቅ የለም። ፍላሹን ስትከፍቱ ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል፤ አንዱን ስትጫኑ ኮምፒውተሩ ይያዛል። እሱ ደግሞ ቀጥሎ ለሚመጣው ፍላሽ ያቀብላል። በመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚገባ አስቡት። ኡቡንቱ ላይ ያ ፕሮግራም አይነሳም። ከዚያም በላይ፣ ዊንዶውስ ላይ የተደበቁት ፋይሎች ሊኑክስ ላይ ፊት ለፊት ይታያሉ፤ የዊንዶውስን የመደበቂያ ምልክት ከቁም ነገር አይቆጥረውምና። አንዳንዴ ቫይረሱ ሁሉንም ስም አልባ በሚመስል ፎልደር ውስጥ ይከታቸዋል። ስሙ የማይታይ ክፍተት ነው። ክፈቱት፤ እዚያ ናቸው። «ፋይሌን በልቶብኛል» ብለው የመጡ እናት «ኧረ እዚሁ አለ እማማ» ብዬ ሳሳያቸው የመረቁኝ ምርቃት እስከ ዛሬ ይበቃኛል።

የማልስማማው «አታስቡ» በሚለው ነው። እናንተን አልያዘም ማለት ፍላሹ ላይ የለም ማለት አይደለም። ሾርትከቶቹንና የማታውቁትን ፕሮግራም ሳታጠፉ ከሰጣችሁት፣ ወስዶ የጎረቤትን ዊንዶውስ ይይዛል።

የቀረው ኢኤክስቲ4 ነው። ለላፕቶፑ ውስጠኛ ዲስክ ግሩም ፎርማት ነው። ሊኑክስ ብቻ ለሚያነበው ባክአፕ ዲስክም ይሁን። ፍላሽ ግን ዘዋሪ ነው። ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ቀን ቢሮ፣ ማታ የቤት ቴሌቪዥን ላይ ነው። ዊንዶውስ ኢኤክስቲ4ን በራሱ አያነብም፤ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ነው የሚጠይቃችሁ። አንድ ሰው «እሺ» ካለ አበቃ። በዚያ ላይ ኢኤክስቲ4 ባለቤቱን በቁጥር ይዞ ይዞራል፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቁጥሩ የሌላ ሰው ከሆነ የራሳችሁ ፋይል ይከለክላችኋል።

ለየትኛውም ቦታ የሚሆን ፍላሽ ከፈለጋችሁ ፋት32። ሁሉም ያነበዋል። ጉድለቱ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት መድረስ አይችልም፤ የሠርግ ቪዲዮ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ለዚያ ኤክስፋት ይሻላል። ሊኑክስ ከርነል ከ5.7 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ በደንብ ይዞታል። ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ ፎርማት) የሆነ ኤክስተርናል ይዛችሁ ከዊንዶውስ የምትመጡ ደግሞ ዊንዶውሱን በወጉ ዝጉት። «ፋስት ስታርታፕ» የሚባለው ነገር ዲስኩን በግማሽ እንቅልፍ ትቶት ከሄደ ሊኑክስ አልጽፍበትም ይላል። ልክ ነው፣ መጻፍ የለበትም።

ኤፍኤስታብን በተመለከተ ያ የማራኪ ግቢ ተማሪ ራሱ መልሱን ይዞ መጣ። ትናንት ነው። ላፕቶፑ አልነሳ ብሎታል። ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ ደቂቃ ተኩል ይቆጥርና «ኢመርጀንሲ ሞድ» ይላል። የፍላሹን መስመር ኤፍኤስታብ ውስጥ ጨምሮ፣ ፍላሹን ዶርም ረስቶት ነበር። ኤፍኤስታብ ውስጥ የተጻፈ ዲስክ ሲስተሙ ሲነሳ መኖር አለበት፤ ከሌለ ይጠብቀዋል፣ ካልመጣ ይቆማል። ለሚነቀል ነገር የግድ ከሆነ «ኖፌል» የሚል አማራጭ ይጨመርበታል። ያኔ ዲስኩ ባይኖርም አልፎ ይነሳል። ስሙም ኤስዲቢ1 ተብሎ መጻፍ የለበትም፤ «ቢኤልኬአይዲ» በሚያሳየው ረጅም መለያ እንጂ። ለእሱ ግን ኖፌልም አላስፈለገውም። መስመሩን አጠፋሁለት፣ ላፕቶፑ ተነሳ። ከዚያ ፍላሽ ተውሶ ሰካበት፤ በራሱ ተከፈተ።